8 ሰዓት የማን 8 ሰዓት ነው?

ቲኮን የሚማር ልጅ ካላችሁ «ፕሮየክት» የሚለውን ቃል ሳትሰሙት አልቀራችሁም። የትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ማሻሻያ፣ በብዙ የበግሩት ትምህርቶች ከውጤቱ 30 በመቶው ትምህርት ቤቱ ራሱ በሚሰጠው ምዘና፣ ለምሳሌ በጥናት ጽሑፍና በፕሮየክት፣ እንዲያዝ ተወስኖ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። እኛ በማኅበራዊ አገልግሎት የምንሠራ ሰዎች በየትምህርት ቤቱ ስንዘዋወር ያየነው ግን አብዛኛውን ጊዜ በካርቶን ላይ የተለጠፈ ፎቶግራፍ፣ ጀበናና ሰፌድ ነው። ለስግድ ሰሞን ይደረደራል፣ ይጨበጨባል፣ ከዚያ መጋዘን ይገባል።

አንዲት መምህርት ይህ ሰለቻትና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቿን ይዛ ወደ እኛ መጣች። ልጆቹን «በቤታችሁ ማንን ምን ይቸግረዋል?» ብለን ጠየቅናቸው። ብዙ ዝም አሉ። በኋላ አንዷ፣ አያቷ የደም ግፊት ኪኒናቸውን እንዴት እንደሚወስዱ ለመንገር ከክፍል እየወጣች ስልክ እንደምታነሣ ተናገረች። ሌሎቹም «እኔም፣ እኔም» አሉ። ስለዚህ የመድኃኒት አወሳሰድ መምሪያ በአማርኛ ሊያዘጋጁ ተስማሙ።

የመጀመሪያው ወረቀት ያማረ ነበር። በመትናሱ የአረጋውያን ክበብ ሲነበብ «በ8 ሰዓት አንድ ኪኒን» የሚለው ላይ አንዲት እናት አቋረጡና «ልጄ፣ 8 ሰዓት እኮ ከምሳ በኋላ ነው። እስከዚያ ሳልውጥ ልዋል?» አሉ። ልጆቹ ተያዩ። ባገራችን ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት መሆኑን፣ የእስራኤል ጧት 8 ሰዓት ለእናቶቻችን 2 ሰዓት መሆኑን ከመካከላቸው የሚያውቅ አልነበረም። (እኛ ግን እያወቅን ወረቀቱን አይተን አሳልፈነው ነበር።) «2 ሰዓት» ተብሎ ይታረም ሲባል ደግሞ አንድ አባት እንቢ አሉ። እሳቸው አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ሲሉ በእስራኤል አቆጣጠር ከለመዱ ቆይተዋል።

ስለዚህ ቁጥሩ ቀረ። በምትኩ የምትወጣ ፀሐይና ጨረቃ ተሣሉ፤ ፊደል ላልቆጠሩትም ይኸው ተሻለ። ቀጥሎ «በጾም ቀንስ?» የሚል ጥያቄ መጣ። ልጆቹ ኩፓት ሖሊም ሄደው ፋርማሲስቷን ጠየቁ። መልሱ እንደ መድኃኒቱና እንደ በሽተኛው ስለሚለያይ እያንዳንዱ ሐኪሙን መጠየቅ እንዳለበት ነገረቻቸው። ተመልሰውም ጥያቄውን በዕብራይስጥና በአማርኛ በትንሽ ካርድ ላይ ጻፉት። አረጋዊው ካርዱን ለሐኪሙ ያሳያል፤ ልጅ ይዞ መሄድ አያስፈልገውም።

ይህን ነጥብ አቅልለን አናየውም። የ15 ዓመት ልጅ የቤተሰቡ አስተርጓሚ ሆኖ ሐኪም ቤት ሲቀመጥ፣ አባትና እናት በልጃቸው ፊት ሲያንሱ በየጊዜው እናያለን። በዚህ ሥራ ግን አራሚዎቹ አረጋውያኑ ነበሩ፤ ልጆቹም እርሳስ ይዘው ያዳምጡ ነበር።

ማርክ መስጠቱ አከራከረ። የመጨረሻው ወረቀት ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለል ያለ፣ በእጅ የተሣለ ነው። እኛ መምህርቷን የመከርናት ልጆቹ የጠየቁትንና ያረሙትን የጻፉበትን ደብተር እንድታይ ነው። ጊዜውም ለሁለት ሳምንት ታስቦ አራት ወር ፈጀ።

ወረቀቱ አሁን በብዙ ቤት ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል። የዚያች ልጅ ስልክ ግን አሁንም ይጮኻል። አያቷ የሚጠይቋት ስለ ዓይን ጠብታቸው ነው።