ሻኛ መዳበስ ብቻውን አያዋጣም

በሬ ገዢ ገበያ ሲወጣ የሚያየው የታወቀ ነው። ጥርሱን ይገልጣል፣ ሻኛውን ይዳብሳል፣ ቁመናውን በዓይኑ ይለካል፤ ከዚያ ደላላ ገብቶ ዋጋ ይቆረጣል። በደሙ ውስጥ ያለውን ግን ዓይንም እጅም አያገኘውም። ከብት አድልቦ ወደ ውጭ ለሚልክ ነጋዴ ደግሞ ትርፍና ኪሳራ የሚለየው እዚያ ላይ ነው።

ላኪውን ከሚያስጨንቁት የቫይረስ በሽታዎች አንዱ አፍተግር ነው። ትኩሳትና ለሀጭ ያመጣል፤ በምላስ፣ በድድና በሰኮና መካከል ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። ትልቁን ከብት አብዛኛውን ጊዜ አይገድለውም። ነገር ግን መብላት ስለሚያቅተው ለወራት የተገዛለት መኖ በከንቱ ይቀራል። ይባስ ብሎ ከብቱ ምልክት ሳያሳይ ቫይረሱን ማስተላለፍ ይጀምራል፤ ከዳነ በኋላም በጉሮሮው ይዞት ሊቆይ ይችላል። ዛሬ ጤነኛ መስሎ የተገዛ በሬ በሳምንቱ በረቱን ሁሉ ሊያሳምም ይችላል ማለት ነው።

የውጭ ገበያ ደግሞ በጥርጣሬም ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሌላው የቫይረስ በሽታ፣ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሲከሰት ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄዱ የቁም እንስሳት ታገዱ። ጉዳቱ አንድም የታመመ ከብት ላልነበረው አርብቶ አደር ጭምር ተረፈ። «በሽታ የለብንም» ማለትና አለመኖሩን ማስረዳት ለየቅል ናቸው።

ማስረጃው የሚገኘው በክትትል ነው። ለዚህም የእያንዳንዱን ከብት ደም መቅዳት አያስፈልግም። በአንድ ትልቅ መንጋ ውስጥ ከመቶ አምስቱ ተይዘው ከሆነ፣ በዕጣ የወጡ 59 ከብቶችን መመርመር ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድሉን 95 በመቶ ያደርሰዋል። ክትባት የወሰደውን በበሽታው ከተያዘው የሚለይ የደም ምርመራም አለ። አፍተግር ሰባት ዓይነት በመሆኑና የአንዱ ክትባት ከሌላው ስለማያድን፣ የትኛው እንደሚዘዋወር ማወቅ የክትባት ወጪንም ከብክነት ያድናል። መርማሪው ላቦራቶሪ ሰበታ፣ ክትባት አምራቹ ተቋም ቢሾፍቱ ይገኛሉ።

ክትትል ፍሬ እንዳለው የደስታ በሽታ ምስክር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ገብቶ ከብቱን ፈጅቶ ለክፉ ቀን የዳረገን ያ በሽታ የጠፋው በክትባት ብቻ አልነበረም። ክትባቱ ከቆመ በኋላ የመንጋው ደም እየተመረመረ አለመኖሩ ሲረጋገጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

የነጋዴው ድርሻ ቀላል ነው። አዲስ የገዛውን ከብት ለሁለት ሳምንት ለብቻው ያቆይ። ከየትኛው ገበያ መቼ እንደገዛው ይመዝግብ። ለሀጩ የሚዝረበረብ ወይም የሚያነክስ ከብት ሲያይ፣ ሸጦ ከመገላገል ይልቅ ለእንስሳት ሐኪም ያስታውቅ። የታመመውን ሸጦ የሚያተርፈው ብር፣ በሽታው በሌላ በረት ዞሮ ሲመጣ ከእጁ ይወጣል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።