ከመዝገብ ወደ መጽሔት፦ የሕዝብ ጤና ዕውቀት የሚጣራበት መንገድ

መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ የመንዝ ከተማ ናት። በዚህ ደጋ ብርዱ ጠንካራ በመሆኑ የገጠሩ ቤት መስኮት አይበዛለትም፤ ኩበት የሚነድበት ምድጃ ጢስም ቶሎ አይወጣም። እንበልና በዚያ የሚሠራ አንድ ጤና መኮንን የሕሙማን መዝገቡን ሲያገላብጥ፣ በአንድ ወር ውስጥ በሳል ምክንያት ከመጡት 100 ሰዎች 60ዎቹ ሴቶች ሆነው አገኘ። «ሴቶቹን ያሳመማቸው የምድጃ ጢስ ነው» ብሎ ቢጽፍ የሚቃወመው ሰው ላይኖር ይችላል። ይሁን እንጂ እውነት የሚመስል ነገር ሁሉ እውነትነቱ ተረጋግጧል ማለት አይደለም። ግምቱ ማስረጃ ይሆን ዘንድ በሌሎች ባለሙያዎች ፊት መፈተን አለበት። ይህ ፈተና የሚካሄደው በሳይንሳዊ መጽሔት ነው። ለመሆኑ እንዲህ ያለው መጽሔት በአገራችን እንዴት ተጀመረ? አሠራሩስ ምን ይመስላል?

አጀማመር

ተመራማሪዎች ግኝታቸውን በየጊዜው በሚወጣ መጽሔት የማሳተም ልማድ የጀመሩት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» የተባለው የለንደን መጽሔት መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1665 ነበር። በኢትዮጵያ ደግሞ የሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር የሚያሳትመው «ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል» እ.ኤ.አ. በ1962 ተመሠረተ።

ይህ መጽሔት ገና በሦስተኛ ቅጹ አንድ ታላቅ ጽሑፍ ይዞ ወጣ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ አካባቢ ስለ ብልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ። የብልሃርዝያ ተሕዋስ የዕድገቱን አንድ ምዕራፍ የሚፈጽመው በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ ነገሩ ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያው ዘገባቸው እ.ኤ.አ. በ1965 በዚሁ መጽሔት ታተመ። ከዚያ በኋላ ግን እንዶድ በዓለም አቀፍ መመዘኛዎች መሠረት ተጨማሪ ማስረጃ ሲጠየቅበት ብዙ ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ዕውቅናው ቢዘገይም፣ ማን ምን እንዳየና መቼ እንዳየ የሚመሰክረው ጽሑፍ በአዲስ አበባ ታትሞ ቆይቷል።

የሕዝብ ጤናን ዋና ጉዳዩ ያደረገው «የኢትዮጵያ ጤና ልማት መጽሔት» የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ዘመኑ ትልቁ ድርቅና ረኃብ አገሪቱን የመታበት ወቅት ነበር። ሐኪም አንድን ሕመምተኛ ሲመረምር፣ የሕዝብ ጤና ባለሙያ ግን አንድን ማኅበረሰብ በሙሉ ይመረምራል፤ ስለ ውኃው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ክትባቱና ስለ አኗኗሩ ይጠይቃል። መጽሔቱ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መድረክ ሆነ። አሳታሚዎቹም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤትና የኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ማኅበር ናቸው።

ጽሑፉ የሚያልፍባቸው በሮች

ወደ መጽሔት ዝግጅት ክፍል የሚላክ ጽሑፍ በመጀመሪያ በአዘጋጁ እጅ ይታያል። ርእሱ ከመጽሔቱ ዓላማ ጋር ይስማማልን? ጥናቱ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ተፈቅዷልን? መግቢያው፣ ዘዴው፣ ውጤቱና ውይይቱ በየቦታቸው አሉን? ይህን በር ያላለፈ ጽሑፍ ወዲያውኑ ይመለሳል። የጽሑፍ አቀራረብ ወጥ እንዲሆን የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ1978 በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው የጋራ መመሪያ ለማውጣት ተስማምተዋል። በርካታ መጽሔቶች ዋቢ ጽሑፎችን በቁጥር የሚጠቅሱበት ዘዴ እስከ ዛሬ በከተማዋ ስም ይጠራል።

ሁለተኛው በር የገምጋሚዎች ነው። አዘጋጁ በዘርፉ ለሚያውቁ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ለሚሆኑ ባለሙያዎች ጽሑፉን ይልካል። ገምጋሚዎቹ ማንነታቸው ለጸሐፊው ሳይገለጽ፣ በአመዛኙም ያለ ክፍያ ጽሑፉን ይመረምራሉ። የመሐል ሜዳውን ጽሑፍ ቢያገኙ ምን ይላሉ? «ከ100ዎቹ 60ዎቹ ሴቶች መሆናቸውን ነግረኸናል፤ ለመሆኑ በማናቸውም ሕመም ወደ ሆስፒታሉ ከሚመጡት ሰዎች ስንቶቹ ሴቶች ናቸው? እነርሱም 60 በመቶ ከሆኑ በሳል ረገድ ሴቶች ከወንዶች አልተለዩም። ሳል እያላቸው ያልመጡትስ? የቤታቸውን ጢስ የለካህበት መሣሪያ ምንድን ነው? የሳንባ ነቀርሳ አለመሆኑን በምን አረጋገጥህ?» ጥያቄዎቹ ይመራሉ፤ ነገር ግን ጸሐፊውን ከተሳሳተ ድምዳሜ፣ ሕዝቡንም በተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ከተመሠረተ ሥራ ያድናሉ።

ከዚህ በኋላ አዘጋጁ ይወስናል። ጽሑፉ እንዳለ ሊታተም፣ በጥቂቱ ወይም በብዙው ታርሞ እንዲመለስ ሊጠየቅ፣ አለዚያም ውድቅ ሊደረግ ይችላል። ገምጋሚዎች ባይስማሙ ውሳኔው የአዘጋጁ ኃላፊነት ነው።

ታህቱ ከየት ይምጣ?

ከገምጋሚዎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ የታህት ጥያቄ ነው። የታመሙት 60 ናቸው ማለት ላዕሉን መናገር ነው፤ ከስንት ሰው? ልደትና ሞት በወጉ በማይመዘገብበት ገጠር ይህን የሚመልስ ሰነድ አይገኝም። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዲሱ ሕግ መሠረት በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ለዚህ ችግር መልስ ከሰጡት ሥራዎች አንዱ ቡታጅራ ላይ የተቋቋመው የገጠር ጤና ፕሮግራም ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን መዘገቡ። እስከ 1999 የተከናወነው ሥራ በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ ጤና ልማት መጽሔት ልዩ እትም ወጣ። አንድ የውጭ መጽሔት ለሩቅ አገር ቀበሌዎች ይህን ያህል ገጽ አይሰጥም፤ ለአገሪቱ ተመራማሪዎች ግን ዘዴው በዝርዝር መጻፉ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ነው።

የቀረው ሥራ

መጽሔቱ ዛሬ በኢንተርኔት «አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን» በተባለው ማዕከል ይነበባል። ይሁንና አንድ ትልቅ ግድግዳ አለ፤ ጽሑፎቹ የሚታተሙት በእንግሊዝኛ ነው። ስለ መንዝ ገበሬ የተጻፈውን ገበሬው ቀርቶ በቀበሌው የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም አንብባ ለመጠቀም ትቸገራለች። ዕውቀቱ ከደጋው ወጥቶ ተጣርቶ ሲያበቃ ወደ ደጋው የሚመለስበት መንገድ ገና አልተጠረገም።

ውድ አንባቢ፣ የነገው ጸሐፊ፣ ገምጋሚና አዘጋጅ አንተ ወይም አንቺ ናችሁ። ለዚህ ሥራ ከአሁኑ መለማመድ የሚቻለው በቀላል ልማድ ነው፤ አንድ አኃዝ ሲነገራችሁ «ከስንት?» ብላችሁ ጠይቁ። በመሐል ሜዳው መዝገብ ውስጥ ያለው ሳል መንስኤው ጢስ ይሁን ሌላ፣ የሚታወቀው ይህን ጥያቄ የሚጠይቅና መልሱን ጽፎ ለፈተና የሚያቀርብ ሰው ሲገኝ ነው።