ቤተ እስራኤልና የዘመናዊ ትምህርት አጀማመር

በደቻቱ ወንዝ ዳር በ1902 የተቆረቆረችው ድሬዳዋ፣ የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባበት ከ1917 ወዲህ፣ ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ የሚላኩ ወጣቶች ወደ ጅቡቲ የሚያልፉባት ዋና በር ሆና ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን ወደ ውጭ ከተላኩት መካከል፣ ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም፣ የቤተ እስራኤል ልጆች ይገኙበታል። ለእነርሱ የትምህርት መንገድ የአባቶች አገር ከምትባለው ከኢየሩሳሌም መንገድ ጋር የተያያዘ ነበር።

ዘመናዊ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት ማኅበረሰቡ ያለ ትምህርት ይኖር ነበር ማለት ስሕተት ነው። በጎንደር አካባቢ፣ በሰሜንና በትግራይ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ለክህነት የታጩ ልጆቻቸውን በመነኮሳትና በቄሶች እግር ሥር ያስተምሩ ነበር። ኦሪት የሚነበበውም ጸሎት የሚደርሰውም በግዕዝ ሲሆን፣ ዕብራይስጥ አይታወቅም ነበር። በየዓመቱ በስግድ በዓል ሕዝቡ ጾሞ ወደ ተራራ ይወጣል፤ ቄሶቹ ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ፤ ቃሉም በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጎማል፤ ወደ ኢየሩሳሌም መመለስም ይለመናል። ፊደል ያልቆጠሩት ገበሬው፣ አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ ታሪካቸውን የተማሩት ከዚህ ጉባኤ ነው። የዚህ ትምህርት ኃይል በ1862 ታይቷል። አባ መሓሪ የተባሉ መነኩሴ አያሌ ሰዎችን አስከትለው ቀይ ባሕርን ተሻግረው ኢየሩሳሌም ለመግባት በእግር ተነሡ፤ ትግራይ ሲደርሱ ግን ረኃብና በሽታ ብዙዎቹን ፈጃቸው።

በዚያው ዘመን የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን በደምቢያ ማስተማር ጀምረው ነበር። ንባብና ጽሕፈት ከስብከት ጋር ተያይዞ ይቀርብ ስለ ነበረ፣ ወላጅ ልጁን በማስተማርና ከሃይማኖቱ በማጣት መካከል መምረጥ ግድ ሆነበት። ይህን ችግር በ1867 እና በ1868 ከፓሪስ ተልኮ የመጣው ሊቅ ዮሴፍ ሃሌቪ ተመለከተ፤ ሥራውን የጀመረው ግን ደቀ መዝሙሩ ዣክ ፋይትሎቪች ነው። በ1904 መጥቶ በ1905 ሲመለስ ሁለት ወጣቶችን ይዞ ሄደ። ከሁለቱ አንዱ፣ በአስመራ የስዊድን ሚሲዮን ተማሪ የነበሩት ታምራት አማኑኤል፣ በፓሪስና በፍሎረንስ ተምረው በ1923 አዲስ አበባ የተከፈተውን ትምህርት ቤት መሩ። ትምህርት ቤቱ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ተዘጋ።

ዕቅዱ የተማሩት ወደየመንደራቸው ተመልሰው እንዲያስተምሩ ነበር። ዳሩ ግን አንዱ በፈረንሳይ፣ ሌላው በጀርመን፣ ሌላውም በኢየሩሳሌም ተምሮ ሲመለስ፣ መንግሥት የውጭ ቋንቋ አዋቂ ይፈልግ ስለ ነበረ ብዙዎቹ በቢሮ ሥራ ቀሩ። ይህን በተማሪዎቹ ማሳበብ አይገባም፤ ትምህርት ቤቱ ከመንደሮቹ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የተተከለ ነበርና።

በ1955 በአስመራ መምህራን የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያው ዓመትና በ1956 ደግሞ 27 ወጣቶች በእስራኤል ወደሚገኘው ክፋር ባትያ ተላኩ፤ ከእነርሱም አያሌዎቹ ተመልሰው በመንደር አስተማሩ። የፋይትሎቪች ተማሪ የነበሩት ዮና ቦጋለ በዚህ ሥራ ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም ዕብራይስጥ የተማረው ወጣትና ግዕዝ አዋቂው ቄስ በአንድ መንደር ሲገናኙ፣ የሕጉ አስተማሪ ማን ነው የሚል ጥያቄ ተነሣ።

በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ያህል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ጥያቄው አብሯቸው ተሻገረ። በ2008 ስግድ በእስራኤል ብሔራዊ በዓል ሆኖ ታወጀ፤ ቄሶቹም በኢየሩሳሌም ኮረብታ ላይ ኦሪቱን የሚያነቡት አሁንም በግዕዝ ነው።