ሕንፃ መሥራቱ በጎ ነው፤ መጠበቁስ?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚገኙት ሕንፃዎች አጠባበቅ ያለኝን አሳብ ከዚህ ቀጥዬ ስለማቀርብ፤ በጋዜጣዎ ዓምድ ላይ ቦታ እንዲሰጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አገራችን ከፍተኛ ትምህርትን ለማስፋፋት ያወጣችው ገንዘብና ድካም ቀላል አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በልጧል። እኛም የይፋት ሰዎች ጣርማ በርን ከወጣን በኋላ፤ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመውን የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ እናገኛለን።

ይሁን እንጂ የተሠራው ሁሉ እንደ አሠራሩ አልተጠበቀም። በየዩኒቨርሲቲው የተበተኑት ያስተማርኳቸው ልጆች ለዕረፍት ወደ ሸዋ ሮቢት ሲመለሱ፤ አንዱ ጣራው ስለሚያፈስ አልጋውን እየጎተተ እንደሚያድር፤ አንዲቱም የመኝታ ቤታቸው መጸዳጃ ከተበላሸ አንድ መንፈቅ ስላለፈው በሌሊት ወደ ሌላ ሕንፃ እንደምትሄድ ነግረውኛል። ይህችን ልጅ «በርቺ፤ ተማሪ» ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘረፉና ሲወድሙ ሁላችንም አዝነናል። ነገር ግን በሰላም ጊዜ በአንዲት የተሰነጠቀች ቧንቧ ምክንያት ግድግዳው እየራሰ የሚፈርሰውን ሕንፃ ማን ያዝንለታል?

የችግሩ ሥር ሁልጊዜ የገንዘብ ማነስ አይመስለኝም። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ቀን ተከፍቶ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። በሐምሌ ዝናቡ ስለሚበረታ ጣራ አይነቀልም፤ መስከረም ከጠባ በኋላ ጉዳዩ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዘዋወር፤ ጨረታውም ሲጓተት በጋው ያልፋል፤ በሰኔ ደግሞ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ሲባል ብዙ ጊዜ የማይረባ ዕቃ በጥድፊያ ይገዛል። የይፋት ገበሬ ግን ጎጆውን የሚከድነው ሰማዩ ሳይጠቁር ነው፤ ምስጥ የበላውንም ምሰሶ ቤቱ እስኪዘም ድረስ አይጠብቅም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

እኔ የተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሀብታም አልነበረም። ሆኖም ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ደብተር ነበረው፤ የተሰበረ መስታወት፤ የላላ ማጠፊያ፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀኑ ይጻፍበታል፤ የጠገነውም ሰው ይፈርምበታል። ይህ አሠራር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ። አንደኛ፤ እያንዳንዱ ሕንፃ የራሱ መዝገብና በስሙ የሚጠየቅ አንድ ኃላፊ ይኑረው። ሁለተኛ፤ ምርመራው በኅዳርና በታኅሣሥ ተደርጎ የጣራውና የውሃ መውረጃው ሥራ ዝናብ ሳይገባ ይጠናቀቅ። ሦስተኛ፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ናት፤ በዚያ ውርጭ፤ በዚህ ሙቀትና ምስጥ ስላለ፤ የጥገናው ዕቅድ እንደየአየሩ ይሁን። አራተኛ፤ አዲስ ሕንፃ ከተቋራጭ ሲረከቡ የቧንቧውና የመብራት መስመሩ ፕላን አብሮ ይምጣ፤ ከጊዜያዊው ርክክብ እስከ መጨረሻው ርክክብ ባለው ጊዜም ጉድለቱ ሁሉ ተመርምሮ ተቋራጩ በራሱ ወጪ ያስተካክል። አምስተኛ፤ ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች የሚወጡት ወጣቶች በቋሚነት ይቀጠሩ፤ አንድ ቁልፍ ለመለወጥ ጨረታ መጠበቅ የለበትምና።

እናንተ በበጀት፤ በግዥና በንብረት ክፍል የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፤ በፊታችሁ ያለችው የጥገና መጠየቂያ ትንሽ ወረቀት መስላ ትታያችሁ ይሆናል። በዚያች ወረቀት ጀርባ ግን በጨለማ የምትሄድ የሰው ልጅ አለችና፤ ዛሬውኑ ፈርማችሁ አሳልፏት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፤
ከሸዋ ሮቢት