ዓሣውን ስታበሉ ውኃውንም ታበላላችሁ

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ አክስቴ ከገጠር መጥታ እኛ ቤት ሰነበተች። ሳሎን ካለው ባለ 60 ሊትር አኳሪየም ፊት ወንበር አስጠግታ ኒዮን ቴትራዎቹን ስታይ ትውላለች። ሰው ሲቀርብ ዓሦቹ ግር ብለው ወደ መስታወቱ ይመጣሉ። ይህን ያየች አክስቴ፣ «እነዚህ ፍጡሮች በረሃብ ሊያልቁ ነው» ብላ እኔ ሥራ በሄድኩበት አንድ እፍኝ ሙሉ ምግብ በተነችላቸው፤ የዳቦ ፍርፋሪም አከለችበት። በማግስቱ ጠዋት ውኃው የአጃ አጥሚት መስሎ ጠበቀኝ። ከ12ቱ ኒዮኖች 5ቱ ሞተዋል፤ የቀሩትም ከውኃው ጫፍ ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ያለከልካሉ። አክስቴ አለቀሰች። እኔ ደግሞ እሷን ልወቅስ አልቻልኩም። እኛ ዘንድ ፍቅር በጉርሻ ነው የሚገለጸው፤ እንግዳ «በቃኝ» ሲል እንኳ «በሞቴ» ተብሎ አንድ ይጨመርለታል። ዓሣ ግን ከአቅሙ በላይ በተሰጠው ምግብ ውስጥ ነው መልሶ የሚተኛው፣ የሚተነፍሰው።

ኒዮን ቴትራ የአማዞን ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሳይንሳዊ ስሙን ያወጣለት አሜሪካዊው የዓሣ ተመራማሪ ጆርጅ ማየርስ ሲሆን፣ መጠሪያው የፊላደልፊያውን የአኳሪየም መጽሔት አሳታሚ ዊሊያም ኢነስን ያስታውሳል። ካደገ በኋላም ቁመቱ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። አፉ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው የሚጎርሰው። በተወለደበት ወንዝ ቀኑን ሙሉ እየዞረ ጥቃቅን ነፍሳትንና እጮችን ይለቅማል፤ ቀጣዩ ምግብ መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቅ ያገኘውን አያሳልፍም። ወደ መስታወቱ የሚሮጠውም ከዚሁ የተነሳ ነው። የሰው ጥላ ምግብ ይዞ እንደሚመጣ ለምዷል፤ ሆዱ ሞልቶም ቢሆን ይመጣል።

ሆዱ ደግሞ እጅግ ትንሽ ነው። ዓሣ አርቢዎች ከድሮ ጀምሮ የአንድን ዓሣ ሆድ በዓይኑ መጠን ይገምታሉ፤ የኒዮንን ዓይን ያየ ሰው ምን ያህል ኢምንት እንደሆነ ይገባዋል። በዚያ ላይ እንደ እኛ ገላውን ለማሞቅ የሚያቃጥለው ምግብ የለም። የሰውነቱ ሙቀት የውኃው ሙቀት ነው፤ ስለዚህ በመጠኑ ልክ ካለ ወፍ ወይም አይጥ ጋር ሲነጻጸር የሚያስፈልገው ምግብ በጣም ጥቂት ነው።

የተረፈው የት ይሄዳል? መሬት ላይ የወደቀ ፍርፋሪ ይጠረጋል፤ ውኃ ውስጥ የወደቀ ግን ይበሰብሳል። ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል። ዓሣውም ቢሆን ከበላው ፕሮቲን የሚተርፈውን አሞኒያ በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል ወደ ውኃው ይለቃል። በደህና ጊዜ በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት ይቀይሩታል። ናይትሬቱ ደግሞ በየሳምንቱ ውኃ ሲቀየር ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን በአንድ ሌሊት አይባዙም። ምግቡ ድንገት ሲበዛ ሥራው ከአቅማቸው በላይ ይሆናል፤ አሞኒያው ስንጥብ ያቃጥላል፣ ናይትራይቱም ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል።

ኦክስጅን ካነሳሁ አዲስ አበባ ላይ ልቆይ፤ ይህን ጉዳይ ቆላ ላይ የተጻፈ መመሪያ አይነግራችሁም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የበሰበሰ ምግብ የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎች ደግሞ ያንኑ ኦክስጅን ይሻሙታል። በዚህ ላይ መብራት ሲጠፋ ማጣሪያው ይቆማል፣ ማሞቂያው ይቀዘቅዛል። ኒዮን ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል፤ የክረምት ሳሎን ግን ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ዓሣው ሲበርደው ምግብ መፍጨትም ይዘገይበታል። ስለዚህ የእኔ ሕግ አንድ ነው፦ መብራት ከሌለ ምግብ የለም። መብራቱ ተመልሶ ውኃው እስኪሞቅ ይቆያሉ፤ ምንም አይሆኑም።

አመጋገቡ እንዲህ ነው። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ብቻ። ፍሌክሱን፣ ማለትም ስስ ቅጠል የመሰለውን ደረቅ ምግብ፣ በሁለት ጣት መካከል አድቅቁት፤ ያልደቀቀ ቅጠል ለኒዮን አፍ ትልቅ ነው፣ ጎርሶ መልሶ ይተፋዋል። ከጎረቤቶቹም ጋር አስተያዩት። ጉፒ አፉ ወደ ላይ የቀና ነው፤ ከውኃው ገጽ ላይ ይለቅማል። ኒዮን መሐል ላይ ሆኖ የሚሰጥመውን ይጠብቃል። ኮሪዶራስ አፉ ወደ ታች ነው፤ በጢሙ አሸዋውን እየዳሰሰ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ኮሪዶራስን «ከላይ የተረፈውን ይጠርጋል» ብሎ ይገዛዋል፤ ይህ በደል ነው። ለእሱ የሚሰጥም ምግብ፣ በተለይ የአኳሪየሙን መብራት ካጠፋችሁ በኋላ ማታ ማታ፣ ለብቻው ሊጣልለት ይገባል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ሁሉም ይጹሙ። የእኔዎቹ ዓርብን ይጾማሉ።

ፍሌክስ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ጀርመናዊው ኡልሪኽ ቤንሽ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቴትራሚን የተባለውን ፍሌክስ ለገበያ እስኪያቀርብ ድረስ ብዙ አርቢዎች መረብ ይዘው ኩሬ ለኩሬ ዳፍኒያ የሚባሉ ጥቃቅን የውኃ ፍጥረታትንና የትንኝ እጭ ያጠምዱ ነበር። ፍሌክሱ ከዚህ ድካም ገላገላቸው፤ ግን ቆርቆሮው ከተከፈተ በኋላ ውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲ እየከሰመ ይሄዳል። አብዛኞቹ ዓሦች እንደ ሰው ይህን ቫይታሚን በሰውነታቸው መሥራት አይችሉም፤ ሲያጡት አከርካሪያቸው ይጣመማል። ትልቁ ቆርቆሮ ርካሽ ቢመስልም ትንሹን ግዙና በሁለት ሦስት ወር ጨርሱት።

ምግቡ ይለያይ። የወንዱ ጉፒ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ከሚደምቅባቸው ነገሮች አንዱ ካሮቲኖይድ ነው፤ ዓሣው ራሱ አይሠራውም፣ ከሚበላው ያገኘዋል። ስፒሩሊና ያለበት ፍሌክስ ለዚህ ጥሩ ነው። ስፒሩሊና ማለት ከሻላ በስተደቡብ ያለውን የጪቱ ሐይቅ አረንጓዴ የሚያደርገው፣ ፍላሚንጎዎቹም የሚለቅሙት ያው ጥቃቅን ሕይወት ነው። ሕይወት ካላቸው ምግቦች ሁሉ የምወደው አርቴሚያ የሚባለው ጥቃቅን የጨው ውኃ ሽሪምፕ ነው፤ በዩታው ታላቁ የጨው ሐይቅ የሚሰበሰበው ደረቅ እንቁላሉ ለዓመታት ይቆያል፤ ሞቅ ባለ ጨዋማ ውኃ አየር እየተነፋበት በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ አስኳላቸውን ሳይጨርሱ፣ በተፈለፈሉበት ቀን ነው መሰጠት ያለባቸው። የትንኝ እጭ በቤት ማርባትን ግን አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ በየቤቱ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ የወባ ትንኝ ናት፤ ለዓሣ ተብሎ የተቀመጠ በርሜል ለጎረቤት ሕፃን በሽታ ሊሆን ይችላል።

መንገድ ስሄድ አሁን የማደርገው ይህን ነው። ጤነኛ የሆነ ያደገ ዓሣ ሳምንት ያህል ሳይበላ መቆየት ስለሚችል ለአጭር ጉዞ ምንም አልተውም። ከረዘመ ለእያንዳንዱ ቀን የሚበቃውን ቁንጥር በትንንሽ ወረቀት ጠቅልዬ ቀኑን እጽፍበታለሁ፤ ቆርቆሮውን ቁም ሳጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ። ዘንድሮ ለአሥር ቀን ስወጣ ቤቱን የጠበቀችልኝ አክስቴ ናት። ስመለስ ውኃው ጥርት ብሎ ጠበቀኝ። የዓርቦቹን ሁለት ጥቅሎች ሳትፈታቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣቸዋለች።