«ረዳት ሐኪም» ወይስ «የሐኪም ረዳት»?

በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የሕክምና ሰነድ የሚተረጉም ሰው «ፊዚሺያን አሲስታንት» ከሚለው የሙያ መጠሪያ ሲደርስ ሦስት አማራጮች ይቀርቡለታል፤ እነርሱም «ረዳት ሐኪም»፣ «የሐኪም ረዳት» እና «ጤና መኮንን» ናቸው። የትኛው እንደሚሻል ለመወሰን አስቀድመን ጽንሰ ሐሳቡን እንመልከት።

ሙያው በዱክ ዩኒቨርሲቲ በ1965 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ 3 ተማሪዎች በ1967 እ.ኤ.አ. ተመረቁ። ባለሙያው ሕመምተኛን ይመረምራል፣ በሽታን ይለያል፣ መድኃኒት ያዛል፤ ሆኖም የሕክምና ዶክተር አይደለም።

በአማርኛ ሐረግ ዋናው ቃል መጨረሻ ላይ ይውላል። «ረዳት ፕሮፌሰር» በማዕረግ ዝቅ ይበል እንጂ ፕሮፌሰር ነው። ስለዚህ «ረዳት ሐኪም» የሚለውን ያነበበ ሕመምተኛ የመረመረውን ሰው ዶክተር ነው ብሎ ያምናል። «ጤና መኮንን» ደግሞ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው ሥልጠና ጋር የተያያዘ፣ የራሱ ትምህርትና ፈቃድ ያለው የሌላ ሙያ ስም ነው። «የሐኪም ረዳት» እውነቱን ይጠብቃል፤ ጉድለቱ ባለሙያውን ዕቃ አቀባይ ማስመሰሉ ነው። ይህንንም በመጀመሪያው አጠቃቀም ላይ «መርምሮ የሚያክም የሐኪም ረዳት» በማለት ማቃናት ይቻላል።

ከመጠሪያው ይልቅ የሚያሳስተው የማስረጃዎቹ ስም ነው። «የምስክር ወረቀት» የሚለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እንዳይሸፍን እንደሚከተለው መለየት ይገባል።

ዲግሪ፦ ትምህርቱን ለፈጸመ ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ነው፤ ዛሬ በአብዛኛው ማስተርስ ነው።

የብቃት ማረጋገጫ፦ ብሔራዊውን ፈተና ላለፈ የሚሰጥ ነው። ከስም ቀጥሎ በሚጻፈው «ፒኤ-ሲ» ውስጥ «ሲ» የሚያመለክተው ይህንኑ ነው። ማረጋገጫውን ለማቆየት በየ2 ዓመቱ 100 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ያስፈልጋል።

የሥራ ፈቃድ፦ ክፍለ ግዛቱ የሚሰጠው ሲሆን፣ ለማከም ሕጋዊ ሥልጣን የሚያስገኘው እርሱ ነው። ማረጋገጫን «ፈቃድ» ብሎ የተረጎመ ሰው ያልተሰጠውን ሥልጣን ሰጠ ማለት ነው።

በ2021 እ.ኤ.አ. የሙያው ብሔራዊ ማኅበር «አሲስታንት» የሚለው ቃል በ«አሶሺዬት» እንዲተካ ወስኗል። ሆኖም ሕጋዊውን መጠሪያ የሚደነግገው የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ስለሆነ ተርጓሚው በሰነዱ ላይ የሰፈረውን ይከተል። አዲሱ ስም ባጋጠመ ጊዜም መለኪያው ያው ነው፦ «ተባባሪ ሐኪም» ሳይሆን «የሐኪም ተባባሪ» እንላለን። ሕመምተኛው በመድኃኒት ማዘዣው ላይ የፈረመለት ማን እንደ ሆነ የሚያውቀው ከዚህ የቃላት ቅደም ተከተል ነውና።