ሺፍት፣ ዲሊት እና የእድር መዝገብ

እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ የእድራችን ዳኛ ደወሉልኝ። ሌሊቱን የሰፈራችን አንድ አባት አርፈዋል። «ልጄ፣ እስኪ መዝገቡን ክፈትና ወርኀዊውን እስከ መቼ እንደከፈሉ እይልኝ» አሉኝ። በደንባችን መሠረት ሦስት ወር ያልከፈለ አባል ቤተሰብ ሙሉውን ገንዘብ አያገኝም። እኔ ደግሞ ኢኮኖሚክስ ስለተመረቅኩ ሰፈሩ ሂሳብ አዋቂ አድርጎኛል (አካውንቲንግ ሌላ ነው ብዬ ማስረዳት ካቆምኩ ቆየሁ)። የ180 አባላት መዝገብ ያለው እኛ ቤት ኮምፒውተር ላይ፣ በኤክሴል ነው።

ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ምልክት ተጫንኩ። ፋይሉ የለም አለኝ። ደግሜ ተጫንኩ። የለም።

ያኔ ትዝ አለኝ። ቅዳሜ ማታ 4 ጊጋ የሚሆን ፊልም ላወርድ ስል ዲስኩ ሞልቷል። «አሮጌ» የሚል ፎልደር አየሁ፤ ሺፍትና ዲሊትን አንድ ላይ ተጫንኩ፤ ለዘለቄታው ይጥፋ ወይ ሲለኝ ዬስ አልኩ። ዊንዶውስ ያስቀየርኩ ጊዜ የእድሩን ፋይል እዚያ ፎልደር ውስጥ የከተትኩት እኔው ነኝ። ዴስክቶፑ ላይ የነበረው ሾርትከት ብቻ ነበር።

ዲሊት ብቻ ብጫን ኖሮ ፋይሉ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር። ሺፍት ሲጨመርበት ግን በዚያ አያልፍም። ከፍላሽ ላይ የሚጠፋ ፋይልም እንደዚያው ነው፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከጠፋበት በኋላ ነው።

ሆኖም ዲሊት ማለት መደምሰስ አይደለም። እንዲህ አስቡት፤ ዲስኩ ሰፈር ነው፣ እያንዳንዱ ፋይል ቤት ነው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ የትኛው ቦታ የማን እንደሆነ የሚመዘግብ የመሬት ጽሕፈት ቤት አለው። ዲሊት ስንል ቤቱ አይፈርስም። መዝገቡ ላይ «ይህ ቦታ ክፍት ነው» ተብሎ ይጻፋል። ቤቱ ከነዕቃው ቆሞ ይቆያል፣ ሌላ ሰው መጥቶ እስኪሠራበት። ስለዚህ አደጋው ከዲሊት በኋላ የምናደርገው ነገር ነው። ማውረድ፣ መጫን፣ ኮፒ ማድረግ፣ ብሮውዘር ከፍቶ መዋል እንኳ ዲስኩ ላይ ይጽፋል።

እኔ ደግሞ ዲሊት ካደረግኩ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ 4 ጊጋ ፊልም ስገነባበት አድሬያለሁ። (ፊልሙም አሪፍ አልነበረም።)

ኮምፒውተሩን ወዲያው አጠፋሁት። ቀጥሎ የከበደው ሥራ መጣ፦ ዳኛው ቤት ሄጄ እውነቱን መናገር። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ለቤተሰቡ ምን ልበላቸው?» ብቻ አሉ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛዬ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ዲስኩን ፈታና ከላፕቶፑ ጋር በገመድ አገናኘው። ዋናው ደንብ ይሄ ነው፤ የማስመለሻ ፕሮግራሙን ፋይሉ የጠፋበት ዲስክ ላይ አትጭኑም፣ የተገኘውንም እዚያው ዲስክ ላይ አታስቀምጡም። ሁለቱም ልታድኑት የመጣችሁትን ቤት ሊያፈርሱት ይችላሉ።

መጀመሪያ ሪኩቫ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ሞከርን። ፋይሉን ከነስሙ አገኘው፤ ልቤ ዘለለ። ግን ጎኑ ላይ ቀይ ነጥብ አለው። ማብራሪያው ላይ ይህ ፋይል በሌላ ፋይል ተጽፎበታል ይልና የዚያን ፋይል ስም ያሳያል። የፊልሙ ስም ነው።

ጓደኛዬ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ቀጥሎ ፎቶሬክን ከፈተ። ስሙ ፎቶ ቢልም ሰነድም ይፈልጋል። ነፃ ነው፤ መልኩ አያምርም፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ነው። መዝገቡን ትቶ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ይዞራል፤ እያንዳንዱ የፋይል ዓይነት አጀማመሩ ላይ የራሱ ምልክት አለው፣ እሱን እያየ ይለቅማል። ጉዳቱ ስም አለመመለሱ ነው። 500 ጊጋውን ዞሮ እስኪጨርስ መሸ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሱን ትቼ ቀብር ሄድኩ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ዳኛው ጠሩኝ። የሟች ሴት ልጅ የአባቷን ደረሰኞች በላስቲክ አስራ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አምጥታለች። ሰውዬው እስከ መስከረም ድረስ ቀድመው ከፍለው ኖሯል። ገንዘቡ ሳይጓደል ተሰጠ።

ማታ ፎቶሬክ ስማቸው ቁጥር ብቻ የሆነ በመቶ የሚቆጠሩ የኤክሴል ፋይሎች አወጣ። አንድ በአንድ ከፈትኩ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ የእድሩ መዝገብ ተከፈተ፤ ግን እስከ ግንቦት ያለው ነው። ኤክሴል ሴቭ ባደረግን ቁጥር አዲስ ፋይል ይጽፍና አሮጌውን ያጠፋል፤ ስለዚህ የድሮዎቹ ቅጂዎች ዲስኩ ላይ ተበትነው ይቀራሉ። ከነዚያ አንዱን ፊልሙ ሳይደርስበት አገኘነው።

የእኔ ዲስክ አሮጌው የሚሽከረከረው ዓይነት ስለሆነ ነው ይህ ሁሉ የተቻለው። በአዲሶቹ ላፕቶፖች ያለው ኤስኤስዲ ትሪም የሚባል አሠራር አለው፤ ዲሊት ስትሉ የትኛው ቦታ ክፍት እንደሆነ ለዲስኩ ይነገረዋል፣ እሱም ቤቱን ራሱ ያፈርሰዋል። እዚያ ላይ ተስፋው ጠባብ ነው። ስልክም እንደዚያው፤ በዚያ ላይ ሚሞሪው የተመሰጠረ ነው። «የጠፋ ፎቶ እንመልሳለን» የሚሉ አፖች ብዙውን ጊዜ የሚያሳዩዋችሁ የፎቶውን ትንሽዬ ቅጂ ነው። ከእነሱ በፊት የጋለሪያችሁን ቆሻሻ መጣያ እዩ። ጉግል ፎቶስ ባክአፕ የተደረገውን 60 ቀን፣ ጉግል ድራይቭ ደግሞ 30 ቀን ያቆያሉ። ቴሌግራም ላይ ለሰው ልካችሁት እንደሆነም ፈልጉ። የዘመዴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ያገኘችው ለአስተያየት ከላከችለት ጓደኛዋ ቻት ላይ ነው።

ፍላሻችሁ ላይ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ካገኛችሁት ደግሞ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። ፋይሉ አልጠፋም፤ ቫይረሱ ደብቆት ነው። አትሪብ በሚባለው የዊንዶውስ ትዕዛዝ ይገለጣል። ይቺን ሁለት ደቂቃ ለማትፈጅ ሥራ ሱቅ ወስዳችሁ ገንዘብ አትክፈሉ።

አሁን መዝገቡን በየእሁዱ ጉግል ድራይቭ ላይ እጭናለሁ። ዳኛው ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ገዝተው አምጥተውልኛል፤ እሱም ላይ እጽፋለሁ። የሰኔንና የሐምሌን ክፍያ ከደረሰኞቹ ቀሪ ላይ እየገለበጥኩ ነው። እስካሁን የሰባት ሰው ቀሪ አልተገኘም። አንደኛው የገዛ አባቴ ነው፤ ከፍያለሁ ይላል።